የማላ በጎች፣ የዶጋላ በጎች

ታደለ አውራ በጉን ከቅጥቅጡ ጣሪያ አስወርዶ፣ አርባ ምንጭ ሲቀላ ሰፈር፣ ልጄ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ሲያስረው፣ እኔ እዚያው ጥላ ውስጥ ተቀምጬ ጥጥ እፈትል ነበር። ታደለ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ነው፤ ከጨንቻ ከተማ ወጣ ብሎ፣ አባቱ በተወለት መሬት ላይ አፕልና በግ ይዞ ይኖራል። መስቀል ሊገባ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። የአርባ ምንጭ ሙቀት ለደጋ በግ አይራራም፤ በጉ አፉን ከፍቶ ያለከልካል። ከአባያ ሐይቅ በኩል ትንሽ ነፋስ መጣና ሽታውን አመጣልኝ፤ ላብ ያራሰው ሱፍ፣ ቅባት ቅባት የሚል፣ ያልለመደ ሰው አፍንጫውን የሚይዝበት። እንዝርቴን አስቀምጬ ተነሳሁ። ጉልበቴ ሰባ ዓመት ካለፈው ቆይቷል፤ ለዚህ ሽታ ግን ይነሳል።

ሱፉን በሁለት እጄ ከፈል አድርጌ መጀመሪያ ትከሻውን፣ ከዚያ ጎኑን፣ በመጨረሻ ታፋውን ዳሰስኩ። መናኛ ሱፍ ትከሻ ላይ ያታልላል፣ ታፋ ላይ ሲደርስ ይጋለጣል፤ እንደ ጆንያ ክር ይሻክራል። ይሄኛው ግን ከላይ እስከ ታች አንድ ነው። ዓይኔ መርፌ ማየት ካቆመ ቆይቷል እንጂ እጄ አልረሳም። «ታደለ፣ ይሄ የዶጋላ ወገን አይደለም?» አልኩት። «ነው አክስቴ፤ የዚያ የትልቁ አውራ የልጅ ልጅ።» «ሌላ አውራ ከዶጋላ በኩል አለ?» «የለም። ነጋዴዎች ለበዓል ብለው ያልገዙት የለም። ይሄን ግን የፈለጉትን ያህል ሲጠሩልኝ እምቢ አልኩ። ለአንቺ ብዬ።» ይሄን ሲል ደረቱን ነፋ አድርጎ ነው። «ለእኔ ምን ልታደርገው?» ስለው ሳቀ። «ምን ይደረጋል? ይታረዳል እንጂ።» «አይታረድም» አልኩት።

በእኛ በጋሞ፣ ዮ ማስቀላ፣ መስቀላችን፣ ሲደርስ ከቤት ካለው ምርጡ ለታላቅ ሰው ይታረዳል። ምርጡን የመጣለትን ሰው እምቢ ማለት ሰውየውን ራሱን እምቢ ማለት ነው። ይሄን እኔም አውቃለሁ፤ ከታደለ በፊት የተወለድኩ ነኝ። የልጁ ፊት ሲጠቁር አየሁት። ልጄ አስቴር ከማጀት ወጥታ፣ «እማዬ፣ ሰው እንኳን አደረሰሽ ብሎ በግ ሲያመጣ እንዲህ ይባላል?» አለችኝ። ታደለ ደግሞ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «መልሼ ብወስደው እኮ አገር ይስቅብኛል። ‹አክስቱ ፊት ነሳችው› ነው የሚሉኝ። ደግሞ . . . ማን ያውቃል፣ ዘንድሮን . . .» ብሎ አቋረጠው። የመጨረሻ መስቀሌ ሊሆን ይችላል ብሎ ነው፤ ገብቶኛል። ደሜ ፈላ። «ቁጭ በል» አልኩት፣ «ይሄን በግ ማን እንደሠራው ሳትሰማ ቢላዋ አታነሳበትም።» ለእሱ የነገርኩትን ነው ለእናንተም የምነግራችሁ።

ያኔ ከጨንቻ በላይ፣ ጭጋጉ እስከ ቀትር የማይነሳበት ቦታ፣ የበግ ማራቢያ ጣቢያ ነበር። አሁን ብትሄዱ አጥሩን እንኳ አታገኙትም፤ ሽቦው የስንቱ ቤት የልብስ ማስጫ ሆኗል፣ ቦታውም አፕል ተተክሎበታል። እኔ እዚያ የተሸለተ ሱፍ የምለቅም የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ሻይ በስሙኒ የሚጠጣበት ዘመን ነው። ከአርባ ምንጭ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድ ክረምት ላይ ጭቃ ስለሚሆን፣ የጭነት መኪናው ዶርዜ ሳይደርስ ይቆምና ሰው ወርዶ ይገፋል፤ ተገፍቶ ተነስቶ ደግሞ ሳይጠብቀን ይሄዳል። ሲቀላ አውቶቡስ ተራ ፊት ለፊት፣ አሁን ስልክ የሚሸጥበት ቤት፣ በረንዳው ላይ ሦስት ልብስ ሰፊዎች ነበሩ፤ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ወርጄ ቢጫ አበባ ያለው ቀሚስ ያሰፋሁት እዚያ ነው። በዚያ ቀሚስ ላይ ጣቢያው የሰጠንን ካኪ ካፖርት እደርብና፣ እግሬ ላይ ኮንጎ ጫማ አድርጌ፣ ብርዱ ጣቴን እየቆረጠው ስለቅም እውላለሁ። ሴቶቹ ስንለቅም እንዘፍን ነበር፤ ግጥሙን እዚያው እናወጣለን። በጋሞኛ ነው፤ ወደ አማርኛ ስመልሰው ጣዕሙ ይጠፋል እንጂ፣ አንዱ «በግ መራጩ ጌታ፣ ባርኔጣው ነጭ ነው፤ ከባርኔጣው በታች፣ ያለው ነገር ምንድነው?» የሚል ነበር። ኃላፊው ጋሞኛ ስለማይሰማ እጁን እያጨበጨበ ይሄድልናል።

ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይሄን ልበል። የተማረ፣ ንጹሕ ሰው ነው። ጥፋቱ አንድ ነው፤ በግ በዓይኑ ነበር የሚመርጠው። ከውጭ የመጡ ነጫጭ አውራ በጎች ነበሩ፤ ግማሾቹ በእኛ ዝናብ ሳንባቸውን ታመው አለቁ፣ የተረፉት ከእኛ በጎች ጋር ተዳቀሉ። ግልገሎቹ ሲያድጉ እሱ ነጩን፣ ግዙፉን፣ ሚዛን ላይ የሚከብደውን ያስቀራል። እኔ ግን ስለቅም የምውለው ሱፉን ነው። የሚከብደው በግ ሱፍ ውስጥ ደረቅ፣ ቀለም የማይዝ፣ ሲፈተል የሚበጠስ ጠጉር ሞልቷል። ከዚህ ሱፍ የሚሠራው ባና መቼም ታውቁታላችሁ፤ ያሞቃል፣ ግን ሲያሳክክ ያነጋል። ባሌ ዘለቀ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዶርዜ ሸማኔ ነበር። «ማግ የሚሆን፣ መወርወሪያዬ ውስጥ የማይበጠስ የሱፍ ፈትል አምጪልኝ፣ ጋቢ እሠራልሻለሁ» ይለኛል ሁልጊዜ እያሾፈ። ጥጥ ለለመደ ሸማኔ፣ የማይበጠስ የሱፍ ፈትል አምጪልኝ ማለት ጨረቃን አውርጂልኝ እንደማለት ነው። እኔ ግን ነገሩ እንደ ቀልድ ገብቶ እንደ ቁም ነገር ቀረብኝ።

አንድ ቀን ከወጣት አውራዎች አንዱን ሲሸልቱ ሱፉ እጄ ላይ ወደቀ። ልስላሴውን በምን ልንገራችሁ? የገዛ ልጄን አንገት የዳሰስኩ መሰለኝ። ሄጄ በጉን አየሁት፤ መካከለኛ፣ ከሌሎቹ እንደውም አነስ የሚል፣ አንድ ጉንጩ ላይ ቡናማ ምልክት ያለው ነው። ጉንጮ አልነው። ኃላፊው ፊት ቆሜ፣ «ጌታዬ፣ እባክዎ ይሄን በግ ለዘር ያስቀሩት፤ ከትከሻው እስከ ታፋው አንድ ነው» አልኩት። መዝገቡን አየ። «ቀለሙ አልጠራም፣ ክብደቱም አልሞላም። አንቺ ሴትዮ፣ ሥራሽ መልቀም ነው» አለኝ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔም ሱፌን ወደ መልቀም ተመለስኩ፤ ተረትቼ ግን አይደለም። ከተናቁት አውራዎች ገሚሱ በጉጠት እየተኮላሸ ለሙክትነት ተቀመጠ። ጉንጮ ያነሰ ስለሆነ ለዚያም አልበቃም፤ ለመስቀል ለሠራተኛ ቅርጫ ከሚሰጡት ጋር ተደረገ። ነገ ለሚታረድ በግ ደግሞ ማን ጉጠት ያነሳል? ሙሉ አውራ ሆኖ ወጣ። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው።

አንድ በግ ለአራት ሰው ነበር ቅርጫው። እኔ፣ አብራኝ የምትለቅመው ሻሼና ሁለት ሌሎች ሴቶች ጉንጮን ወሰድን። ሌሎቹ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም። መንገድ ላይ ቆምኩና፣ «አናርደውም» አልኳቸው። ሻሼ ያበድኩ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰችኝ። ዓመት ሙሉ የሚጠበቅ መስቀል፣ ድሃው እንኳ ተበድሮ ሥጋ የሚበላበት መስቀል፣ እኛ አራት ቤት ያለ ሥጋ ልንውል። «ስሙኝ» አልኳቸው፣ «አንዲት እናት በግ በዓመት አንድ ወይ ሁለት ብትወልድ ነው። አውራው ግን የመንደሩ ግልገል ሁሉ ግማሽ ነው። እኛ ሰዎች ምን እያደረግን ነው? ምርጡን እንበላለን፣ ከትራፊው እናረባለን። ከዚያ በጋችን መነመነ፣ ባናችን አሳከከ ብለን እናማርራለን። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? ታዲያ ጥሩውን ዘር እየበላን ማን ይሳብልን?» ዳገቱን እስክንጨርስ ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ሻሼ፣ «ባሌ ከገደለኝ አንቺ ትቅበሪኛለሽ» ብላ ገመዱን ተቀበለችኝ።

የዚያን መስቀል ቆጮ በጎመን በላን። ጎረቤት ሥጋ ሲጠብስ ሽታው በግድግዳው ይገባል፤ ልጆቻችን አፍ አፋችንን ያያሉ። ዘለቀ በዓል ቀን ሸማ ሊሠራ የሽመና ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ፤ ሰው ቤት ሄዶ «አንተስ ምን አረድክ?» ተብሎ እንዳይጠየቅ። ሁለት ሳምንት አላናገረኝም። አማቼ ከርቀት መጥተው፣ «ልጄ ያገባው ሴት ነው ወይስ የበግ እረኛ?» ብለው ሄዱ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና እኔም ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ። አልቅሻለሁ፤ አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። በጉን ለማረድ ግን ወይ ፍንክች።

ጉንጮ ከአራታችን በጎች ወለደ። ግልገሎቹ በዓመታቸው ሲሸለቱ ከሦስቱ አንዱ እንደሱ ሆኖ ተገኘ፤ የሻከሩትን ለበዓል አረድን፣ የለሰለሱትን አስቀረን፤ አገር የሚያደርገውን ገልብጠን። ከዚያ ደግሞ እኛም በተራችን ተሳሳትን። አውራው ሻሼ ቤት ነበር የሚያድረው፤ እሷ ሴት ልጆቹ ሲደርሱ ከእነሱው ጋር ለቀቀችው። የሱፉ ልስላሴ ይጨምራል ብላ ነው፤ እኔም አልከለከልኳትም። የተወለዱት ግልገሎች መንጋጋቸው ተጣሞ ጡት መያዝ አቃታቸው፤ ስድስት ሞቱብን። ጣቢያው ውስጥም፣ ኃላፊው ቶሎ ላፍራ ብሎ ነጩን አውራ ከገዛ ልጆቹ ጋር ሲያገናኝ፣ ያው ሆነ፤ እሱ ግን በሽታ ነው ብሎ መርፌ አስወጋ። እኛን ያነቁን አማቼ ናቸው። የሞተውን ግልገል አገላብጠው አዩና፣ «አባት ልጁ ላይ ሲወጣ ምን ጠብቃችሁ ነበር? ጎሜ ነው» አሉ። ጎሜ በእኛ ዘንድ ነውር ብቻ አይደለም፤ መዘዝ ይዞ የሚመጣ ጥፋት ነው።

ጋሞ ሁለት ወገን ነው፤ ማላና ዶጋላ። ጎሳው ሁሉ ከሁለቱ ወደ አንዱ ይገባል፤ ድሮ ማላ ከማላ አይጋባም፣ ዶጋላ ከዶጋላ አይጋባም፣ ልጅም የአባቱን ወገን ይይዛል። አማቼ ከሄዱ በኋላ ሻሼና እኔ ተያየን። ለሰው የሠራ ለበግ ለምን አይሠራም? ሁለቱን ቤት ማላ፣ ሁለቱን ቤት ዶጋላ አደረግንና፣ የማላ አውራ ከዶጋላ እናቶች፣ የዶጋላ አውራ ከማላ እናቶች ብቻ እንዲገናኝ ተስማማን። ግልገሉ የአባቱን ወገን ይይዛል፤ የማላው ጆሮ በቀኝ፣ የዶጋላው በግራ ይበጣል። በሰው ሙሽራዋ ናት ከቤቷ የምትወጣው፤ በእኛ ግን ሙሽራው ይወጣል። አውራ ለመቀበል ስንሄድ ሻሼ ሽማግሌ ልካ «ልጃችሁን ለልጆቻችን» ታስብላለች፤ እንስቃለን፣ ቦርዴ እንጠጣለን። ገበያ ላይ «የበግ ሽማግሌዎች መጡ» እያሉ ጠቋቆሙብን። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጠርተውኝ፣ «የድሮውን ነገር በበግ መልሳችሁ አመጣችሁ» ሲሉኝ፣ «ያዕቆብስ በግ አልመረጠም?» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ግን ጠማማ መንጋጋ አላየንም።

የጉንጮ የልጅ ልጆች ሲሸለቱ ነው ለዘለቀ ያን ፈትል የሰጠሁት። ድሩን ጥጥ፣ ማጉን ሱፍ አደረገው። መወርወሪያው ሲመላለስ ሁለት ቀን ሙሉ ትንፋሼን ይዤ አዳመጥኩ፤ አልተበጠሰም። ሲጨርስ ጋቢውን ከእንጨቱ አውርዶ አንገቱ ላይ አሸት አሸት አደረገው። ዘለቀ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። «አያሳክክም» አለ። ያቺ አንዲት ቃል ያን ሁሉ ኩርፊያ ከፈለችልኝ። ሐሙስ ገበያ ለብሶት ወጣ፤ ሰው እየመጣ ሲዳስሰው ቀስ ብሎ፣ «የሚስቴ በግ ነው» ሲል ከኋላው ቆሜ ሰምቻለሁ።

ዘመኑ ተለወጠ፤ ጣቢያው ተዘጋ፤ በጎቹ ተበተኑ፣ ኃላፊውም ወደ አገሩ ገባ። የአስቴር ባል አስተማሪ ነው፤ ማዕድ ላይ የጣቢያው ነገር ሲነሳ፣ «ምንም ሳይተርፍ ነው የከሸፈው» ይላል። «ልጄ፣ የከሸፈው አጥሩና መዝገቡ ነው» እለዋለሁ። በጎቹ አልከሸፉም። አራት ሴቶች ሥጋቸውን ትተው፣ ስድብ ጠጥተው ያቆዩት ዘር እስከ ታደለ በረት ድረስ ደርሷል። ለእኔ ወረቀት የሰጠኝ የለም፣ የሸለመኝም የለም፤ አልጠየቅኩምም። ግን ምንም አልተረፈም የሚለኝ ሰው እጁን እዚያ በግ ታፋ ላይ አድርጎ ይንገረኝ።

ለታደለ የነገርኩት ይሄን ነው። «አሁን ገባህ? ይሄ ከታረደ ዶጋላ አለቀ። የማላ እናቶች ከወንድሞቻቸው ጋር ሊቀሩ ነው። አራት ዓመት ሳይሞላ እንደገና ጠማማ መንጋጋ ነው የምትቀብረው።» ታደለ በጉን አየው፣ እኔን አየኝ። «ገብቶኛል አክስቴ። ግን ምን ይዤ ልመለስ? ሰው ምን ይለኛል?» «በጉን ተቀብያለሁ፤ የእኔ ነው። የእኔን በግ የት እንደማሳድር ደግሞ የማውቀው እኔ ነኝ። አብሬህ እወጣለሁ፤ መስቀልን አንተ ቤት ነው የምውለው።» አስቴር፣ «እማዬ፣ ብርዱ ይገድልሻል፤ ሐኪሙ ስለ ሳንባሽ ምን እንዳለ ረሳሽ?» ብላ ጮኸች። «ሳንባዬ ከዚያው ነው የመጣው» አልኳት። «ለአንቺስ ምን ይታረድ?» አለ ታደለ፣ አሁንም ጭንቀቱ አልለቀቀውም። «ከመንጋህ መናኛውን። ሱፉ የሚሻክረውን፣ ማንም ዘር የማይፈልግበትን። እኔን ማክበር ከፈለግህ እሱን ነው የምታርድልኝ። ስሞትም እንዲሁ።» ቀልድ መስሎት ሊስቅ ነበር፤ ዓይኔን ሲያይ ተወው።

በነጋታው በቅጥቅጡ ወጣን። ኮረኮንቹ ወገቤን ሰበረው፤ በጉ ጣሪያው ላይ ሆኖ ዳገቱ እያለቀ ብርዱ ሲነካው ማለክለኩን ተወ። በዓሉ ዕለት የታደለ ግቢ በጎረቤት ሞላ፤ ሁሉም አዲስ ሸማውን ለብሶ፣ ሽማግሌዎቹ በርጩማ ላይ፣ «ለአክስትህ ምን አዘጋጀህ?» እያሉ። አውራው በረት ውስጥ እንደታሰረ ሁሉም አይቶታል፤ እሱን ነበር የሚጠብቁት። ታደለ ወደ በረቱ ገባ። ሰው ፊት ሲቆም ሰው ይለወጣል። ሲወጣ የያዘው አንድ የሚያነክስ፣ ጀርባው የተላጠ፣ ጠጉሩ እንደ ቃጫ የቆመ ያረጀ በግ ነበር። አንዱ ሽማግሌ፣ «ልጄ፣ ይሄን? ለእሳቸው?» አሉት። የታደለ ጆሮ እስከ ጫፉ ቀላ፤ በጉን ግን አልለቀቀም። «አዎ፣ ለእሳቸው» አለ፣ «ምርጡ ይወልዳል።»

አረደው። ከታላቆቹ ሁሉ አስቀድሞ ለእኔ አቀረበልኝ፤ ሰው ሁሉ አፌን ያያል። የቀሩኝ ጥርሶች ጥቂት ናቸው፤ አንዱን ቁራጭ ለመዋጥ ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ።

«እንዴት ነው ሥጋው?» አለኝ ታደለ።

«ጠንካራ ነው» አልኩት። «ጨምርልኝ።»